መብራት ሲጠፋ የማይጠፋ ፍሪጅ

ጎምቲ ልብስ ተኳሽ ናት። በሕንድ አገር ማሆባ ከተማ፣ ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ ካለው የኒም ዛፍ ሥር ጠረጴዛዋን ዘርግታ የሰው ልብስ ስትተኩስ ሠላሳ አምስት ዓመት ሆኗታል። ካውያዋ የከሰል ነው። ነሐስ ነው፣ ሆዱ ሰፊ ነው፣ ክብደቱ እንደ ስድስት ወር ሕፃን ነው። ያወረሰቻት አማቷ ናት። በአሥራ ስድስት ዓመቷ ሙሽራ ሆና የመጣች ዕለት አማቷ ካውያውን እጇ ላይ አስቀምጣ፣ «ባልሽ ሊሞት ይችላል፣ ቤትሽ ሊፈርስ ይችላል፤ ይሄ ግን ይኖራል» አለቻት። ክፉ ሴት አልነበረችም፤ እውነት መናገር ትወድ ነበር እንጂ። ባልየው ሞተ። የቤቱም አንድ ግድግዳ በአንድ ክረምት ፈረሰ። ካውያው አለ።

ጎምቲ ትምህርቷን ያቆመችው አራተኛ ክፍል ላይ ነው። ፊደል ቀስ እያለች ታነባለች፤ በቁጥር ግን ማንም አይቀድማትም፤ ሰው ሸሚዙን ቆጥሮ ሰጥቶ ቆጥሮ ነው የሚቀበለው።

አንዲት ልጅ አለቻት፣ ቢንዲያ የምትባል፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ። ቢንዲያን በአሥራ አንድ ዓመቷ ስኳር ያዛት። ከዚያ ወዲህ ጠዋትና ማታ ኢንሱሊን ትወጋለች። መድኃኒቱን ከመንግሥት ሐኪም ቤት በወር ሁለት ብልቃጥ ይሰጧታል። ኢንሱሊን ሙቀት አይችልም። ማሆባ ደግሞ ከዝናቡ በፊት በሚመጣው በጄጥ ወር ሰው እንኳ የማይችለው አገር ነው፤ ድንጋዩ ይግላል፣ ሉ የሚሉት ነፋስ እንደ ምድጃ አፍ እስትንፋስ ፊት ላይ ይመጣል፣ ውሻው ከቦይ ውስጥ አይወጣም።

ለሰባት ዓመት መድኃኒቱን የጠበቀው እንስራ ነበር። እንስራው ውስጥ ውሃ፣ ውሃው ላይ የምትንሳፈፍ ጣሳ፣ ጣሳዋ ውስጥ ብልቃጡ፣ ከላይ እርጥብ ጨርቅ። እንስራ ሲያልበው ውስጡ ይቀዘቅዛል። ያለፈው ዓመት ጄጥ ግን እንስራውንም አደከመው። ውሃው ለብ አለ። የመድኃኒቱ መልክ አልተለወጠም፣ ሽታው አልተለወጠም፤ ልጅቷ ብቻ ውሃ ጠጥታ አልረካ አለች፣ ቀጥሎ አስመለሳት፣ ቀጥሎ የገዛ እናቷን «አንቺ ማን ነሽ?» አለቻት። አራት ቀን ሐኪም ቤት ተኛች። ሐኪሙ ብልቃጡን ወደ መስኮቱ አንሥቶ አየና፣ «ስትወጋው የከረመችው የተቀቀለ ውሃ ነው» አላት።

ጎምቲ ያን «አንቺ ማን ነሽ?» ሰምታ ከዚያ ወዲያ ሌላ ነገር ለመስማት ጆሮ አልቀራትም። ክረምቱን፣ ብርዱን፣ ጸደዩን ሙሉ ያሰበችው አንድ ነገር ነበር፤ የሚቀጥለው ጄጥ ሳይገባ ፍሪጅ መግዛት። ፍሪጅ ሲባል ግን ሁለት ነገር ያስፈልጋታል። አንደኛ፣ መብራት የማይበላ። ሁለተኛ፣ መብራት ሲጠፋ የማይጠፋ። በሷ ሰፈር መብራት እንደ እንግዳ ነው፤ ሲመጣ ደስ ይላል፣ ሲሄድ ለምን ሄድክ የሚለው የለም።

የሠርጓን የብር አልቦ ሸጠች። እግሯ ከወለደች ወዲህ አብጦ አልቦውን ካላጠለቀችው ብዙ ዓመት ነበር፤ ቢሆንም ስታስረክበው ቁርጭምጭሚቷን ዝቅ ብላ አየችው።

በገበያው ጫፍ ያለው የዕቃ ቤት ሻጭ ኒቴሽ የሚባል ቀጭን ጎረምሳ ነው። ፀጉሩን በቅባት አስተኝቶ፣ በአንድ እጁ ስልክ ይዞ ቆሟል።

«ይግቡ አክስቴ፣ ምን ላሳይዎት?»

«ፍሪጅ። መብራት የማይበላ።»

«መብራት የማይበላ የለም። አንዱ እንደ ሙሽሪት ይበላል፣ ሌላው እንደ ሙሽራው አጎት ይበላል፤ ልዩነቱ እሱ ነው።» በሩ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት በጣቱ መታ መታ አደረገው። «ኮከቡን ያያሉ? ኮከቡ በበዛ ቁጥር አፉ ትንሽ ነው።»

ባለ ሁለት ኮከብ ነበር፣ ባለ ሦስት ነበር፣ ባለ አምስትም ነበር። ባለ አምስቱ የአራት ሴት አልቦ ይጠይቃል። ጎምቲ ወደ ባለ ሦስቶቹ ሄደች፤ ሁለት ናቸው። ጎንበስ ብላ ወረቀቶቹን አየችና፣ «ኮከባቸው እኩል ነው፣ ከሥር ያለው ቁጥር ግን የዚህኛው ያንሳል። በዓመት የሚቆጥረው መብራት ነው?» አለች።

«ያነባሉ እንዴ?»

«ቁጥር አነባለሁ።»

«እንግዲያው ይሄኛው ነው የርስዎ። ትንሽ ይወደዳል እንጂ ምርጥ ነው።»

«መብራት ሲጠፋስ?»

በዚህ መሃል የኒቴሽ ስልክ ጮኸ። ዓይኑን ስልኩ ላይ እንደተከለ ለጎምቲ መለሰላት። «ኢንቨርተር ነው አክስቴ። አይጮህ፣ አይንቀጠቀጥ። ቤት ውስጥ መኖሩንም አያውቁት።»

ኢንቨርተር የሚለውን ቃል ጎምቲ ታውቀዋለች። ማሆባ ውስጥ የማያውቀው የለም። ልብስ በምትወስድበት በደንበኛዋ በአዋስቲ ቤት በረንዳ ላይ ከነባትሪው የተቀመጠ ሣጥን ነው፤ መብራት ሲጠፋ ጢጥ ይልና የቆመው ማራገቢያ መልሶ ይዞራል። የቤቱ ሰዎች «ኢንቨርተሩ ያዘው» ይባባላሉ። ስለዚህ አንድ ጥያቄ ብቻ ቀራት።

«ኢንቨርተሩ ውስጡ ነው? ለብቻው አይገዛም?»

«ውስጡ ነው፣ አብሮ የተሠራ። አሥር ዓመት ዋስትና አለው።»

ጎምቲ ሌላ ምን ትጠይቅ? ገዛች።

ፍሪጁ በጋሪ ተጭኖ ወደ መንደሩ ሲገባ ሰው ሁሉ ከቤቱ ወጣ። ቢንዲያ ለምርቃት ጣቷን ቀይ ዱቄት ነክራ በፍሪጁ በር ላይ ምልክት አደረገች፣ ኮኮናት ተሰበረ። ጎረቤቷ ራምዱላሪ፣ የድንጋይ ወፍጮ ሠራተኛው የሃልኬ ሚስት፣ ወገቧን ይዛ ፍሪጁን ዞረችው።

«እትዬ ጎምቲ፣ መብራት ሲጠፋ ምን ልታደርጊው ነው? የልብስ ሣጥን?»

«ኢንቨርተር ነው» አለች ጎምቲ። በሕይወቷ እንዲህ ደረቷን ነፍታ የተናገረችው ቃል ጥቂት ነው። እንስራውን ያን ዕለት ደፍታ ጓሮ አስቀመጠችው።

መብራት ለጥቂት ጊዜ ብቻ እየጠፋ ሲመለስ ከረመ፤ ጄጥ በገባ በስምንተኛው ቀን፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ፣ የመንገዱ ጥግ ትራንስፎርመር ዷ ብሎ ፈነዳ። ጎምቲ ከዛፏ ሥር ሆና ሰማችው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ልቧ ወደ ቤት ይሮጥ ነበር፤ ያን ቀን ግን ከሰሏን አራግባ ሥራዋን ቀጠለች። በስምንት ዓመት ውስጥ ያለ ሐሳብ የሠራችበት ቀን ያ ብቻ ነው።

ቤት ውስጥ ቢንዲያ የሳሪ ጠርዝ እየሰፋች ነበር። ራምዱላሪ ጠርሙስ ይዛ መጣች።

«መብራት ጠፍቶም ይሠራል አላላችሁም? ቀዝቃዛ ውሃ ስጪኝ።»

ቢንዲያ ከፍታ ሰጠቻት። ራምዱላሪ አንገቷን ወደ ውስጥ አስገባች።

«ታዲያ ድምፁ የታለ?»

«ድምፅ የለውም። ሻጩ ነግሮናል።»

«አምፖሏስ? አልበራችም እኮ።»

ቢንዲያ ትንሽ አሰበች። «እሷንም ለመቆጠብ አጥፍቷት ነው የሚሆነው። ቆጣቢ ነው።»

«ወይ ጉድ። እንዲህ ያለ ቆጣቢ ባል ለኔ በሰጠኝ።»

ራምዱላሪ ወሬውን ይዛ ወጣች። በጄጥ ወር የተጠማ ሰው ውሃ መስጠት በማሆባ ጽድቅ ነው፤ ሀብታሙ በየመንገዱ ውሃ ያስቀምጣል፣ ድሃውም ካለው ይቀዳል። ቢንዲያ ቀኑን ሙሉ ከፍታ ቀዳች። የአንዱን ጠርሙስ ታወጣለች፣ የሌላውን ሙቅ ውሃ ታስገባለች። ልጅቷ ስምንት ዓመት ሙሉ ከሰው ርኅራኄ ስትቀበል የኖረች ናት፤ ያን ቀን ሰጪ ሆነች፣ ደስ አላት።

ጎምቲ አሥር ሰዓት ላይ መጣችና ውሃ ጠየቀች። አንድ ጊዜ ተጎነጨች። ውሃው ለብ ያለ ነበር። ብርጭቆውን አስቀምጣ ፍሪጁን ከፈተች፣ እጇን እስከ ክርኗ አስገባች። ልክ ከሰሉ ጠፍቶ ሰዓት እንደቆየ ካውያ ነበር፤ ሙቅም አይደል፣ ቀዝቃዛም አይደል፣ የሞተ ነገር። ሁለቱን ብልቃጦች አንሥታ ጉንጯ ላይ አደረገቻቸው፤ እነሱም ለብ ብለዋል።

«ስንት ጊዜ ተከፈተ?»

«አልቆጠርኩትም እማ። አይጠፋም ስላልሽ…»

«ብያለሁ።»

ልጅቷን አልተቆጣችም። ብልቃጦቹን በመሀረብ ቋጥራ በዚያው እግሯ ወደ ሐኪም ቤት ሄደች። የመድኃኒት ክፍሏ ነርስ መነጽሯን ወደ ግንባሯ ሰቅላ አየቻት።

«ወሩ ሳይጋመስ ሁለቱንም? ምን አድርገሻቸው ነው?»

«ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጬ።»

«ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጠሽ ተበላሸ?»

«አዎ እህቴ።»

«አምና በእንስራ፣ ዘንድሮ በፍሪጅ። ለከርሞ በምን ልታበላሺው አስበሻል?»

ጎምቲ መሀረቡን መልሳ ቋጠረች። ነርሷ ቁልፏን አንቃጨለች፣ ተነሣች፣ አንድ ብልቃጥ ይዛ ተመለሰች። «ይቺ ለሃያ ሁለት ቀን ናት፣ ልክ እስከሚቀጥለው ተራሽ። በቁጠባ ብትወጋ ትበቃታለች። ከዚህ ሌላ የምሰጥሽ የለኝም፣ ብታለቅሺም የለኝም። ደግሞ ስሚኝ፤ ከበረዶ ጋር እንዳትነካኪያት። ከሞቀችም ትሞታለች፣ ከረጋችም ትሞታለች።»

እንግዲህ የቢንዲያ ነፍስ የአውራ ጣት በምታህል ብልቃጥ ውስጥ ገባች። ሃያ ሁለት ቀን። ጄጥ ደግሞ ገና ጥርሱን ማሳየቱ ነበር።

በማግስቱ ጎምቲ ወደ ዕቃ ቤቱ ሄደች። በመጀመሪያው ቀን አንቱ ያላት ልጅ ያን ቀን አንቺ አላት።

«እሺ፣ ምን ፈለግሽ?»

«መብራት ጠፍቶ ፍሪጁ ቆመ።»

«መብራት ከጠፋ ይቆማላ።»

«ኢንቨርተር ነው ብለኸኛል።»

«ነው እኮ።»

«ታዲያ ለምን ቆመ?»

«መብራት ጠፍቶ ነዋ።»

ሁለቱም ተያዩ። ቀስ ብሎ የኒቴሽ ፊት ፈካ። ወደ ባለቤቱ ዞሮ፣ «ጌታው፣ ኢንቨርተር ሲባል ባትሪ መስሏት እኮ ነው» አለ። ባለቤቱ ሳቀ፣ ማራገቢያ ሊገዙ የመጡ ባልና ሚስትም ሳቁ። «ሞተሩ ነው አክስቴ። የሞተሩ ዓይነት ነው እንደዚያ የሚባለው። ከመብራት መጥፋት ጋር አይገናኝም።»

«መብራት ሲጠፋስ ብዬ ጠይቄህ ነበር።»

«እ…»

«ሳትሰማኝ ነው የመለስክልኝ።»

ኒቴሽ ስልኩን ኪሱ ከተተ። የተሸጠ ዕቃ አይመለስም የሚለው ጽሑፍ ከራሱ በላይ ተሰቅሏል፤ ወደሱ ግን አላመለከተም። ብቻ ከባለቤቱ ጠረጴዛ ሥር ቀዝቃዛ ውሃ ቀድቶ አቀበላት። ጎምቲ ወስዳ ጠጣች። ቁጣ ውሃ ጥም አያስቀርም።

ማታ ማታ ልብስ የምታደርስለት አዋስቲ የመብራት ቤት ጡረተኛ ነው። ባቡጂ፣ ጌታዬ እንደማለት፣ ትለዋለች፣ እንደ ሌሎቹ የልብስ ባለቤቶች ሁሉ። ነገሩን ስትነግረው እሱም ሳቀ፤ ሳቁን ሲጨርስ ግን ወንበሩን አስጠጋ።

«አልተታለልሽም ጎምቲ። የድሮ ፍሪጅ ሞተር እንደ ሰካራም ነው፤ ወይ ይሮጣል፣ ወይ ተዘርሮ ይተኛል፤ ደግሞ በተነሣ ቁጥር ብዙ ይበላል። ያንቺው ቀስ እያለ ይራመዳል፣ ለዚያ ነው የማይበላው፣ ለዚያ ነው የማይጮኸው። ዕቃው ጥሩ ነው። ጥፋቱ አንድ ቃል ለሁለት ነገር ያወጣው ሰው ነው።»

«መብራት ሲጠፋ እንዲሠራስ?»

«እንደዚህ ያለ ሣጥን ከነባትሪው ይፈልጋል» አለና የበረንዳውን ሣጥን በእግሩ ጫፍ ነካው።

ጎምቲ ሣጥኑን አየችው። «አልቦ ለሁለት እግር ብቻ ነው ባቡጂ» አለች፤ «ሌላ እግር የለኝም።»

ሦስት ቀን እንደዚሁ ሆነ። ብልቃጧ ፍሪጁ ውስጥ ትቆያለች፤ መብራት ሲጠፋ ቢንዲያ አውጥታ ከጓሮ በተመለሰው እንስራ ውስጥ ትከታታለች፤ መብራት ሲመጣ ትመልሳታለች። መድኃኒቷ እንደ ቤት አልባ ልጅ ከዚህ ወደዚያ ትንከራተታለች። እንስራው ከቀን ወደ ቀን ለብ እያለ ሄደ። ጎምቲ እንቅልፏን አጣች። ስትተኩስ ሁለት ሸሚዝ አቃጠለች፤ በሠላሳ አምስት ዓመት ያቃጠለችው አራት ነው።

ሁለተኛው ሸሚዝ የተቃጠለው እንዲህ ነው። ከሰሉ አልቋል፣ አመዱንም ደፍታለች፣ ካውያው ባዶ ሆኖ ከተቀመጠ ቆይቷል። ለብ ብቻ ያለ መስሏት የመጨረሻዋን ሸሚዝ በባዶ ካውያ ጫን አደረገች፤ ኮሌታው ቡናማ ሆነ። ጎምቲ ጣቷን በምራቋ አርሳ ነሐሱን ነካ አደረገችው። ጭስስ አለ። እሳት የለም፣ ካውያው ግን ሙቀቱን አለቀቀም። አማቷ ቀላሉን የቆርቆሮ ካውያ ያልወደደችው ለዚህ ነበር። «ባዶ ዕቃ ቶሎ ይረሳል፤ ከባድ ዕቃ የያዘውን አይለቅም» ትል ነበር።

ጎምቲ የተቃጠለውን ሸሚዝ ይዛ ቆመች። ከዚያ ፍሪጁ ትዝ አላት። አንድ ብልቃጥ፣ አንድ ሰሃን ሩዝ፣ ሌላው ባዶ። ባዶ ዕቃ።

ወደ ቤት ስትመለስ በመናኸሪያው በኩል አለፈች፣ መንገደኛ የጣላቸውን የውሃ ጠርሙሶች ለቃቀመች። አሥራ አንድ ሆኑ። አጠበቻቸው፣ ሞላቻቸው፤ ስድስቱን በላይኛው የበረዶ ክፍል አጨቀች፣ አምስቱን ከሥር ደረደረች። ብልቃጧን በጨርቅ ጠቅልላ በሻይ ቆርቆሮ ውስጥ አስገባችና ከበረዶው በጣም አርቃ ታችኛው መደርደሪያ ላይ አስቀመጠቻት። መብራት ሲኖር ውሃው ይርጋ፣ በረዶው ይጠንክር። መብራት ሲሄድ በረዶው ይጠብቅ። ከዚያ የውስጥ ቀሚሷን ማሰሪያ ገመድ መዝዛ የፍሪጁን እጀታ ከጎኑ ካለው የብረት መስኮት ጋር አሰረችው።

«በቀን ሁለት ጊዜ» አለቻት ቢንዲያን። «ጠዋት ስትወጊ፣ ማታ ስትወጊ። አምላክ ራሱ ውሃ ቢለምንሽ አትክፈቺ።»

«ሰው ሲመጣስ ምን ልበል?»

ጎምቲ እንስራውን ወደ ውጭ አውጥታ ከደጁ ጥላ ሥር አቆመችው፣ ሞላችው፣ ጣሳ አሰረችበት። «ከዚህ ይጠጣ።»

ሰው ግን ፍሪጅ ባለበት ቤት ከእንስራ ጠጣ ሲባል ሌላ ነገር ነው የሚሰማው። የመጀመሪያዋ ራምዱላሪ ሆነች። እንስራውን አየች፣ ገመዱን አየች።

«ሌባ ገብቶ ነው ወይስ እኛን ፈርተሽ ነው?»

«የልጄ መድኃኒት ነው፣ ራምዱላሪ።»

«አንድ ጊዜ ብትከፍቺው መድኃኒቱ ብድግ ብሎ ይሄዳል?»

«ይሄዳል።»

«ድሃ ፍሪጅ ሲገዛ እንዲህ ነው» አለች ራምዱላሪ ለሌሎቹ በሚሰማ ድምፅ። «ውሃ የሚታሰርበት ቤት ሳይ ዘንድሮ የመጀመሪያዬ ነው።» ከዚያ ወዲህ ጎምቲ በመንደሩ ስሟ የፍሪጅ ንግሥት ሆነ። ስታልፍ፣ «ንግሥቲቱ መጣች፣ በሩን እሠሩ» ይላሉ። ጎምቲ መንገዷን ትቀጥላለች። መልስ ለመስጠት ጉልበት ያስፈልጋል፤ ጉልበቷን ደግሞ ካውያው ይወስደዋል።

ገመዱ ሠራ። መብራት አራት ሰዓት ይጠፋል፣ አምስት ሰዓት ይጠፋል፤ ጠርሙሶቹ እንደ ድንጋይ ይቆያሉ። ቀኖቹ ተቆጠሩ፤ አሥራ አምስት ቀሩ፣ አሥራ ሁለት፣ ዘጠኝ።

ዘጠኝ ቀን በቀረበት ዕለት ሲነጋ የአቧራ ማዕበል ተነሥቶ የመብራት ምሰሶ ጣለ። እስከ ማታ አይመጣም ተባለ። ጎምቲ ጠዋት ሠርታ፣ እኩለ ቀን ላይ ሙቀቱ ከዛፉ ሥር ሲያስወጣት ወደ ቤት ገባች። ከደጁ እንስራ ቀድታ ሳሪዋን አረጠበች፣ ወለሉ ላይ ጋደም አለች። ቢንዲያ ከጎኗ የዘንባባ ማራገቢያ ታወዛውዛለች።

ሰባት ሰዓት ላይ ራምዱላሪ በሩ ላይ ቆመች። ወገቧን አልያዘችም፣ ንግሥትም አላለቻትም።

«እትዬ ጎምቲ። ሃልኬን ከወፍጮው በጋሪ አመጡት። ቆዳው እንደ ምጣድ ነው፣ ላቡ ደርቋል። ያወራል፤ ግን ከኔ ጋር አይደለም፣ ከሞተች እናቱ ጋር ነው። እኔን ማን ነሽ ይለኛል።»

ጎምቲ ተነሥታ ተቀመጠች። ገመዱን አየችው። ሁለት ዙር፣ ሦስት ቋጠሮ። ስድስት ሰዓት ሙሉ ሳይከፈት የቆየ በር፤ ገና አምስት ሰዓት የቀረው በር። ከኋላው ብልቃጧ፣ በብልቃጧ ውስጥ ዘጠኝ ቀን። ራምዱላሪ አልለመነችም። መለመንም የፈራች ትመስል ነበር።

«ፍቺው እማ» አለች ቢንዲያ።

«ዝም በይ።»

«ማን ነሽ ይላታል እኮ። ሰምተሻል።»

ጎምቲ ሰምታለች። በጥርሷ ቋጠሮውን ፈታች። ከመክፈቷ በፊት ግን ለአፍታ ቆማ እጇ የት እንደሚገባ፣ ምን ይዞ እንደሚወጣ አሰበች፤ ካውያ ከእሳት የሚያነሣ ሰው እንደሚያስበው። ከፈተች፣ ሁለት ጠርሙስ መዘዘች፣ ዘጋች። አንድ ትንፋሽ ነው የወሰደባት። ጠርሙሶቹን ለልብስ መተኮሻ በምታረጥበው ጨርቅ ጠቅልላ ሮጠች።

ሃልኬን ከቤቱ በር ጥላ ሥር አስተኙት። አንዱን ጠርሙስ ብብቱ ሥር፣ ሌላውን አንገቱ ላይ አደረገች፤ ልብስ ላይ ውሃ እንደምትረጭ መዳፏን እየነከረች ረጨችው፣ ራምዱላሪ አራገበች። ግማሽ ሰዓት ያህል እንዲህ ሆነ። ኋላ ሃልኬ ዓይኑን ገለጠና ሚስቱን ለረጅም ጊዜ አያት።

«ራምዱላሪ፣ ፊትሽ ምን ሆኗል?» አላት።

«ፊቴንማ አንተ ነህ እንዲህ ያደረግኸው» ብላ አለቀሰች። ጋሪው ወደ ሐኪም ቤት ወሰደው።

ጎምቲ ወደ ቤቷ ተመልሳ ገመዱን መልሳ አሰረች። ከዚያ ወደ ማታ ያለው ሰዓት ረዘመ። ከሰዓት በኋላ ወደ ሥራ አልሄደችም፤ በሠላሳ አምስት ዓመት ሕመም ወይም ሞት ካልያዛት ቀርታ አታውቅም። ፍሪጁ ፊት ተቀመጠች። የሚሰማ ነገር የለም። ሲሠራም ሲሞትም ዝም የሚል ዕቃ ነው የገዛችው።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል የመርፌው ሰዓት ደረሰ። ቋጠሮውን ፈታች። መጀመሪያ ያየችው ከላይ የቀሩትን አራት ጠርሙሶች ነው። በእያንዳንዱ ውስጥ እንቁላል የምታህል በረዶ ትዋኛለች። የሻይ ቆርቆሮውን አንሥታ ጉንጯ ላይ አደረገችው። ቀዝቃዛ ነበር። ብዙ አይደለም፤ በጠዋት እንደሚነካ ድንጋይ። ቢንዲያ ተወጋች። መብራቱ ሌሊቱን መጥቶ ጠርሙሶቹን አረጋና ሲነጋ እንደገና ጠፋ። በማግስቱ ጠዋትም ያለወትሮዋ አልጠማትም፤ እናቷን፣ «ምን አፈጠጥሽብኝ እማ? ሻይ አፍይልኝ» አለቻት። ጎምቲ ሻይ አፈላች።

ወደ ቀትር ራምዱላሪ መጣች። ሁለቱን ጠርሙሶች አጥባ፣ እስከ አፋቸው ሞልታ ነበር።

«ለሚቀጥለው ይርጉልሽ» አለች። ጠርሙሶቹን አቀብላት፣ «ሃልኬ የምስር ዳሉን በልቷል። ይሳደባል፤ ድኗል ማለት ነው» አለች።

«ደግ።»

«እትዬ ጎምቲ፣ ያን ነገር… ንግሥት ያልኩሽን…»

«ተይው። ገና ዘጠኝ ቀን አለኝ።»

«ስምንት ነው። ትናንት አልፏል።»

ጎምቲ ቆጠረች። እውነቷን ነው፤ ስምንት ነው። በቁጥር ሰው ሲቀድማት ይህ የመጀመሪያው ነበር። ከመንገዱ ወዲያ አንዲት ሴት ጠርሙስ ይዛ ወደ በሩ ስትመጣ ራምዱላሪ አየቻት፤ ፊቷን ወደሷ አዙራ፣ «ከእንስራው ነው የሚጠጣው፣ ዓይን የለሽም?» አለቻት።

መብራት ተመልሶ የመጣው በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። መንደሩ ሁሉ «መጣ» አለ። የጎምቲ ፍሪጅ ምንም አላለም። እሷ ሳትከፍተው ጣቷን በምራቋ አርሳ የፍሪጁን ጎን ነካ አደረገችው፣ ካውያ እንደምትሞክርበት። ጎኑ ሞቆ ነበር፤ ከውስጡ የሚያወጣው ሙቀት ነው። እየሠራ ነው። ሁለቱን የራምዱላሪን ጠርሙሶች ማታ በመርፌው ሰዓት ልታስገባቸው ከመስኮቱ ሥር አስቀመጠች፤ ከዚያ ከሰሏን በቁና ይዛ ወደ ዛፏ ሄደች። ትናንት ያልተተኮሰው ልብስ ከነቋጠሮው ይጠብቃታል።